አጭር መንገድ

ወይዘሮ ትርንጎ ጋራዤ በር ላይ መኪናዋን አቆመች፣
ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች፣ ጣቷን ቀሰረች፤
«ይቺን መብራት አጥፋልኝ» አለች።

ብርቱካናማ ናት፣ ትንሽዬ፤ ከቆጣሪው ሥር ቁጭ ብላ
እንደ አበዳሪ ጎረቤት ዓይን ዓይን ታያለች፣
ሳትሰድብ፣ ሳትጣላ።

«የት የት ነው የምትነጃት?»
«ከኮንዶሚኒየሙ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ ጉልት፣
ከጉልት ቤት። ቱሉ ዲምቱን ለቅቄ የት ልሂድ?
ናፍጣ ይቆጥባል ብለው አይደል የሸጡልኝ? አሁን ደግሞ ጉድ በጉድ!»

እንደምችለው ነገርኳት፦
ጭስ ማውጫው መሃል የሸክላ ወንፊት አለ፣ ቀዳዳው እንደ ማር እንጀራ፤
ጥቀርሻውን ይውጠዋል፣ ሳያጉረመርም፣ ሳያወራ።
ሲሞላበት ይግላል፤ የዋጠውን እዚያው ያነደዋል፣
አመድ ያደርገዋል።
ግን ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፣ ረጅም ጎዳና ይሻል።
በአጭር መንገድ ሆዱ አይሞቅም፤
እንደዋጠ ያድራል፣ እንደዋጠ ይውላል፣ ተናግሮም አያውቅም።

«ሆድ ይፍጀው» ይባል የለ?
ይሄ ሆድ መፍጀት ያቃተው ነው፣ አልኳት።
አልሳቀችም።

«እዚያ ማዶ ያለው ልጅ እኮ በሁለት ሰዓት ቆርጦ ያወጣዋል፣
ባዶውን ቆርቆሮ መልሶ ይበይደዋል፣
ለኮምፒዩተሩ ደግሞ ውሸት ይነግረዋል።»

እውነቷን ነው። እኔም አውጥቻለሁ።
ስንቱን በፌሮ ፈልፍዬ እንደ ጥርስ አርግፌዋለሁ።
ከአጥሩ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት አለ፣ ግማሽ ድረስ ግራጫ ስባሪ።
ሚልኬሳ፣ ረዳቴ፣ አንድ ጠዋት ጠየቀ፦
«ጋሼ፣ ወንፊቱ ከወጣ ማን ነው ታዲያ የሚውጠው?»
መልስ ሳይጠብቅ ተናፈጠ። መሐረቡን አየሁት፤
ጥቁር ንፍጥ፣ ናፍጣ የሸተተው።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቁልፏን ይዤ ወጣሁ።
ካርዴን ከክፍያው በር ተቀበልኩ፣ ፊቴን ወደ ሞጆ ሰጠሁ።
አራተኛ ማርሽ ላይ ይዣት፤ እግሬን አላነሳም።
ዱከም አለፈ። ምንም።
የቢሾፍቱ መብራት ወደ ኋላ ቀረ። ምንም።
ከዚያ አንድ ሽታ፤ ካውያ የተረሳበት ሱሪ የመሰለ፣
ከወንበሩ ሥር ሙቀት፣ የሞተሩም ድምፅ ወፈር አለ።

በቀኜ አይሱዙ፣ አሸዋ ጭኖ፣ ጥቁሩን ጭስ እየተፋ፤
የመጣለትን ሁሉ ተናግሮ የሚያልፍ፣
ውሎ አድሮ የማይከፋ።
ቀናሁበት።

እኔ ከቤቴ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቤቴ፣ ስምንት መቶ እርምጃ ነው መንገዴ።
ድርሻዬን ከድርሻው ደርቦ ሲሸጥ አዱኛ፣ ወንድሜ፣ የሥጋ ዘመዴ፣
«ይሁን» ነበር ያልኩት።
ሰባት ዓመቱ ነው፣ «ይሁን» እንዳልኩ።
ሞጆ መዳረሻ ላይ፣ ብቻዬን፣ መስኮቱን ዘግቼ፣
«አንተ አዱኛ!» ብዬ ጮህኩ።
ሌላም ብያለሁ። እዚህ አይጻፍም።
ቀና ስል
መብራቷ የለችም።

ጠዋት ቁልፏን ስሰጣት «ምን አድርገህ ነው?» አለች።
«ነዳኋት።»
«ለሽርሽር ነው የምታስከፍለኝ?» ብሯን ግን ቆጠረች፣
ሁለቴ ቆጠረች።
«በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ፣ ልጆቹን ጭነሽ፣ ሞጆ ድረስ ውሰጃት።»
«ሞጆ ምን ጉዳይ አለኝ?»

ምን ልበላት?
በሦስተኛው ሳምንት መብራቷን ይዛ መጣች።

ሚልኬሳ ጎማ እየነፋ አሳለ።
ደመና ነበር። ከረጢቱን ወደ ጣራው ሥር ጎተትኩት፤
ከገመትኩት በላይ ይከብዳል።